በእግራቸው የመጡት

ሙንሳሚ ላምባሳ ከተማ መግቢያ ላይ፣ ከስኳር ፋብሪካው አለፍ ብሎ፣ በቆርቆሮ ዳስ ሥር የተጋጩ መኪኖችን ገላ እየቀጠቀጠ ያቃናል። ባትላሜራ ነው። የሸንኮራ እርሻዬ ከመንገዱ ማዶ ስለሆነ መዶሻው ሲያርፍ የማልሰማበት ቀን የለም። ሲያወራ ደግሞ ከመዶሻው ይብሳል።

ወሬው ሁልጊዜ ስለ አሮጌዎቹ፣ ስለ ባለ ወፍራም ብረቶቹ ፒክአፖች ነው። ከነሱ የበለጠ ሰው የሚያተርፍ መኪና አልተሠራም ባይ ነው። ማስረጃም አለው። ፒክአፕ የተገለበጠበት ሰው ጋራዡ ሲመጣ፣ ሙንሳሚ ብረቱን ከመንካቱ በፊት ባለቤቱን አስቀምጦ፣ ሻይ አስቀድቶ፣ የሆነውን ከስር ከመሠረቱ ያስተርከዋል። ገደል የገባው፣ ሸንኮራ ከጫነ ባቡር ጋር የተላተመው፣ ከነመኪናው የተገለባበጠው፣ ሁሉም በእግሩ መጥቶ ሻዩን ጠጥቶ ሄዷል።

"አየህ?" ይለኛል ሰውየው ሲወጣ። "እስከ ዛሬ አንድም ሞቶ የመጣ የለም!"

ይህን ብሎ ይስቃል፤ እኛም እንስቃለን። ላምባሳ ውስጥ መኪና ልግዛ ያለ ሰው ሙንሳሚን ሳያማክር አይገዛም ነበር።

ልጁ ፑሽፓ ነርስ ነበረች። ሳቩሳቩ በምትባል ሌላ ከተማ ሆስፒታል ስትመደብ በመሀል ያለውን ተራራ እያቋረጡ መመላለስ ግድ ሆነባት። ባሏ ቪነሽ አስተማሪ ነው፤ አማቹ ፊት ድምፁ የሚጠፋበት ረጋ ያለ ሰው። ኤርባግ ያላት ትንሽ መኪና መርጦ ሊያሳየን ይዟት መጣ።

ሙንሳሚ በጣቱ በሯን መታ መታ አደረጋት። "ይቺን ቆርቆሮ? ፍየል ብትገጥማት እኮ ፍየሏ አዝናላት ነው የምትሄደው።"

"አባባ፣ ፊቷ የሚጨማደደው ግጭቱን እንድትውጠው ነው ይላሉ።"

"ማን ነው የሚለው? ሻጩ? እኔ የምነግርህ ከአደጋ የወጡ ሰዎች በአፋቸው የነገሩኝን ነው። አንተ ስንት የተገለበጠ ሰው አነጋግረሃል?"

"ማንንም።"

"በቃ!"

ፑሽፓ ሳቀች። "ተወው ቪነሽ፤ አባዬን በፒክአፕ ነገር የረታው የለም። ደግሞ ከላይ ሆኜ ሁላችሁንም ቁልቁል አያችኋለሁ።"

ቪነሽ ትንሿን መኪና መለሳት። ሙንሳሚ ፒክአፑን ራሱ ፈልጎ ገዛላት፤ ዝገቱን ፋቀ፣ ቀባው፣ በአዲስ መኪና እንኳ የማይደረግ ጥንቃቄ አደረገለት። ያንን ሰሞን ፊቱ ላይ የነበረው ደስታ አሁን ትዝ ሲለኝ ያመኛል።

ዝናቡ በበረታበት ወቅት ፑሽፓ ከሥራ ስትመለስ ተራራው ላይ ጎማው ተንሸራተተባት። ፒክአፑ ከመንገድ ወጥቶ በጣራው ተደፋ። ቀበቶዋን አስራ ነበር። ግን ጣራው ተጨፍልቆ መቀመጫው ላይ ተኛ፤ እዚያው አለፈች።

ፖሊስ ለሙንሳሚ ደውሎ መኪናውን ወዴት ልውሰደው ብሎ ሲጠይቅ እኔ አጠገቡ ነበርኩ። "ወደኔ እንዳታመጣው!" አለ ሙንሳሚ። ልጁ ስለሆነች ብቻ አልነበረም። እኛ ዘንድ ሰው የሞተበትን መኪና የሚያስጠግን የለም፣ ቤተሰብ ዓይኑ እንዲያየው አይፈልግም። ሙንሳሚም ድሮም ቢሆን እንዲህ ያለውን መኪና ደጁን አያስረግጥም፤ ለቤት ጥሩ አይደለም ይላል። ከወንዙ ማዶ ወዳለው የውድቅዳቂ ብረት ግቢ ይወሰዳል፣ ከዚያ ሣሩ ይውጠዋል።

እንደ ወጋችን አስከሬኗን ካቃጠልን በኋላ ለቅሶ ደራሹ ከሰዓት ከሰዓት ጋራዡ ውስጥ ምንጣፍ ላይ ይቀመጥ ጀመር። ያንጎና የሚባለው ከሥር የሚሠራ መጠጥ ተበጥብጦ በኮኮናት ቅርፊት ይዞራል። አብዛኞቹ የሙንሳሚ ደንበኞች ናቸው፤ ፒክአፖቻቸው ደጁ ላይ ተደርድረው ሳይ ተናደድኩ፣ ማንን እንደምቆጣ ግን አላወቅሁም። ቪነሽ አንድም ቀን "ብዬህ ነበር" አላለውም። ቢለው ይሻል ነበር።

አንድ ጠዋት ሙንሳሚ "ከወንዙ ማዶ ውሰደኝ" አለኝ። ወሰድኩት። የፑሽፓን መኪና አይቶ አለቀሰ፤ እኔም አለቀስኩ። እንመለሳለን ስል ወደ ሣሩ ውስጥ ገባ። እዚያ እሱ የሚያወድሳቸው ፒክአፖች ነበሩ፤ ያው ሞዴል፣ ያው ወፍራም ብረት፣ ጣራቸው የወረደ። አንዱ ሌላውን ተጭኖ፣ እስከ አጥሩ ድረስ።

"ይሄ የማን ነው?" ሲል የግቢውን ዘበኛ ጠየቀው።

"የአንድ ሸንኮራ ቆራጭ። ሞቷል።"

"ይሄስ?"

"ባልና ሚስት ነበሩ።"

"ይሄኛውስ?"

"እሱን እንጃ፤ እኔ ስቀጠርም እዚህ ነበር።"

ሙንሳሚ የእያንዳንዱን ጣራ በመዳፉ ዳሰሰ፤ ጉዳት ሲገምት እንደሚያደርገው። ከዚያ እርጥቡ ሣር ላይ ዘጭ አለ።

"ይሄ ሁሉ የት ነበር?" አለኝ።

"እዚሁ ነበራ!" አልኩት። ክፉ መልስ ነው፤ ሌላ ግን አልነበረኝም።

ትንሿ መኪና ታድናት ነበር ወይ? አላውቅም፤ ማንም አያውቅም። ሙንሳሚ ግን አውቃለሁ ብሎ ነበር የፈረደው። የጠየቃቸው ሁሉ መልስ መስጠት የሚችሉ ሰዎች ነበሩ፤ መልስ የማይሰጠው ወንዝ ተሻግሮ ሣር ውስጥ ቀርቷል።

የሐዘኑ ማብቂያ ቀን ጎፓል ያንጎናውን ጨልጦ ወደ ሙንሳሚ ጠጋ አለ። ጎፓል እዚያው ተራራ ላይ ተገልብጦ የተረፈ ሰው ነው።

"ወንድሜ፣ ጊዜው እንዳልሆነ አውቃለሁ። ትልቁ ልጄ መንጃ ፈቃድ አወጣ። የኔን የመሰለ ፒክአፕ ብትፈልግለት?"

ቪነሽ ቀና አለ።

"አልፈልግለትም" አለ ሙንሳሚ። "አንተም እንዳትገዛለት።"

"ምነው? የሷ ዕጣዋ ሆኖ ነው። እኔን አታየኝም? ተገልብጬ ይኸው አለሁ። ጣራውን ያቃናኸው ራስህ አይደለህ?"

የተቀመጡት ሁሉ ጎፓልን ደግፈው ራሳቸውን ነቀነቁ። እያንዳንዱ የራሱ ታሪክ ነበረው፣ እያንዳንዱም በሕይወት አለ። ሙንሳሚ አንድ በአንድ አያቸው።

"ልጄ ተርፋ ቢሆን ኖሮ፣" አለ፣ "ዛሬ እሷም አጠገብህ ተቀምጣ 'ፒክአፑ ነው ያዳነኝ' ትል ነበር። እኔም አምናት ነበር።"

ወር ሳይሞላ ግን ጎፓል ከዋና ከተማው ከሱቫ አንድ ፒክአፕ አስመጥቶ ለልጁ ገዛለት።