ያልተቆረጠው መስመር

እንዳላማው አርማታ ቆራጭ ነው። ደብረ ማርቆስ ውስጥ የሰፈር መንገድ በአርማታ ሲሠራ ሌሎቹ ያፈስሳሉ፣ ያስተካክላሉ፤ እሱ በማግሥቱ ማለዳ ማሽኑን እየገፋ ይመጣና ያንን ያማረ መንገድ በየአራት ሜትሩ ይቆርጠዋል። ሠራተኞቹ ጆይንት ይሉታል፤ እሱ መስመር ይለዋል። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ የየሰፈሩ ሰው አንድ ጥያቄ ሲጠይቀው ኖሯል፦

"ምነው፣ ደህናውን መንገድ ለምን ታበላሸዋለህ?"

እሱም ሳይሰለች ያስረዳል። አርማታ ሲደርቅ ይሰበሰባል፤ ፀሐይና ብርድ ሲፈራረቁበትም ይላወሳል። መስመር ካልተበጀለት ራሱ በፈለገበት በኩል ይሰነጠቃል። ሳይሰለች አልኩ እንጂ መሰልቸቱንስ ይሰለቻል፤ ግን ሰው ማስቀየም አይችልበትም። የአምበር ሰው ነው፤ ይሉኝታው ለጉድ ነው። አንድ ብርጭቆ ሻይ የጋበዘውን ሰው እንቢ ለማለት ምላሱ አይታዘዝለትም።

ባለፈው ጥር ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚወስደው መንገድ በተሠራ ጊዜ ይኸው ይሉኝታው ጉድ ሠራው። ወይዘሮ አመተ ሥላሴ የሚባሉ የሰፈሩ እናት ሁለት ሳምንት ሙሉ ለሠራተኞቹ በሶ ሲበጠብጡ፣ ንፍሮ ሲያመጡ ሰነበቱ። እንዳላማው እየቆረጠ ደጃቸው ሲደርስ ነጠላቸውን አጣፍተው ጠበቁት።

"እንዳሌ፣ ልጄ፣ የኔን ደጅስ ብትተወው? የልጄ ሠርግ ደርሷል። እንግዳው ሁሉ ጠባሳ እየረገጠ ይግባ?"

"እትዬ፣ ካልተቆረጠ ይሰነጠቃል እኮ።"

"አንዲት መስመር ብትቀር ማን ያያል?"

እንዳላማው የጠጣው በሶ ትዝ አለው። ማሽኑን አነሣና ዘጠነኛውን መስመር ዘሎ አለፈ።

ከመንገዱ ራስ ላይ የኔታ ቢያዝን ይኖራሉ። ዲማ የተማሩ የቅኔ መምህር ናቸው። በልጅነታቸው ፈንጣጣ ዓይናቸውን ወስዶባቸዋል፤ ያወቁትን ሁሉ በቃላቸው ነው የያዙት። አርባ ዓመት ሙሉ ከደጃቸው ቤተ ክርስቲያን ድረስ ብቻቸውን ሄደዋል። የድሮውን መንገድ እግራቸው ያውቀው ነበር፤ ያገጠጠችውን ድንጋይ፣ ከእሷ ቀጥሎ ያለውን ጉድጓድ፣ ሁሉንም። አርማታው ሲመጣ ግን መንገዱ ሁሉ አንድ ዓይነት ሆነባቸውና ሰው እጃቸውን ይዞ ይመራቸው ጀመር። ማንንም አስቸግረው ለማያውቁ ሰው ይህ ከባድ ነው።

የማሽኑ ጩኸት ጸጥ ሲል የኔታ ወጡ። ከዘራቸው መሬቱን ሲዳስስ አንዱ መስመር ያዘው።

"ይህ ምንድን ነው?"

እንዳላማው አስረዳቸው። የኔታ እየሄዱ ሁለተኛውን ዳሰሱ፤ ሦስተኛውን ዳሰሱና ሳቁ።

"ተባረክ፣ ልጄ! እየቆጠርኩ ብቻዬን እሄዳለሁ። ከደጄ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ስንት ነው?"

እንዳላማው ደረቱን ነፋ አደረገ። "ሃያ ሦስት ነው፣ የኔታ። በዚህ በእጄ ነው የቆረጥኩት። ሃያ ሦስተኛው ላይ ወደ ግራ ዞር ቢሉ በሩ ነው።"

ሃያ ሦስት ያለው ጠዋት በኖራ ያሰመረውን ይዞ ነው። የተዋት መስመር በዚያች ሰዓት ከሐሳቡ ጠፍታ ነበር። ምስጋና ሰውን ያስረሳዋል።

በማግሥቱ ሥራ ወደ አማኑኤል ከተማ ወሰደው። የተመለሰው በአሥራ ሁለተኛው ቀን ነው፤ መስመሮቹን ሬንጅ ሊሞላ። ገና ዕቃውን ሳያወርድ ወይዘሮ አመተ ሥላሴን ስለ የኔታ ጠየቃቸው።

"አልሰማህም? አንተ በሄድክ ቀን በሩን አልፈው የመንገዱ ዳር ቦይ ውስጥ ወደቁ። እጃቸውስ ተሽሏቸዋል። ግን ተማሪዎቹን አሰናበቱ። 'ሃያ ሦስት መቁጠር የተሳነው ሰው ቅኔ አያስተምርም' አሉ።"

እንዳላማው ዞሮ የሴትዮዋን ደጅ አየ። አርማታው እሱ የፈራውን ሠርቶ ነበር፤ ቀጭን ስንጥቅ፣ ጠማማ፣ ከዘራ የማይይዝ። ዝም ቢል ማንም አያውቅበትም። የሽማግሌው ነገር በእርጅና ተሳብቦ ይቀራል። ይህን ማሰቡ ራሱ አሳፈረውና ቀጥ ብሎ ሄደ።

የኔታ መደባቸው ላይ ጋቢ ተከናንበው ተቀምጠዋል። እንዳላማው ጉልበታቸውን ሳመ።

"የኔታ፣ እርስዎ አልተሳሳቱም። እኔ ነኝ። አንዱን መስመር ሳልቆርጠው አልፌ ሃያ ሦስት ነው አልኩዎት።"

የኔታ ፊታቸውን ወደ ድምፁ አዞሩ።

"ሃያ ሁለት ነበር?"

"ሃያ ሁለት ነበር።"

"ደግሜ ልቆጥር ፈራሁ፣ ልጄ" አሉ። "ቅኔውም፣ ዜማውም፣ የተማሪዎቼ ስም እንኳ አንድ በአንድ ሊሄድብኝ ነው ብዬ ነበር። ያ ሁሉ ቢሄድ ከኔ ምን ይተርፋል? ይህን ለማን እነግራለሁ?" እንባቸው በጢማቸው ላይ ወረደ። እንዳላማውም አለቀሰ፤ የሠራው በደል ቦይ ውስጥ ከመጣል የባሰ መሆኑ ገና አሁን ገባው።

ማሽኑን አስነሥቶ ወይዘሮ አመተ ሥላሴ ደጅ ሲደርስ ሴትዮዋ ነገሩን ሰምተው በራቸው ላይ ቆመዋል። ለሠርጉ ሦስት ቀን ቀርቶታል።

"ቁረጠው" አሉ። "እኔ ነኝ ያሳሳትኩህ። ደህና አድርገህ ቁረጠው!"

ቆረጠው። ስንጥቁንም ደፈነው። ሬንጁን ሲሞላ ግን መስመሮቹን ሁሉ እስከ አፋቸው አልሞላም፤ ከዘራ እንዲይዙ ትንሽ ጎደል አደረጋቸው። ማታውኑ የኔታ ወደ ተማሪዎቻቸው ላኩ፤ ጠዋት ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ እንዲጠብቋቸው።

በማግሥቱ ማለዳ የኔታ ደጃቸው ላይ ቆሙ። እንዳላማው ክንዱን ዘረጋ።

"ልያዝዎት?"

"አትያዘኝ" አሉና ሄዱ።

እሱ እዚያው ቆሞ በከንፈሩ ይቆጥር ጀመር። ዘጠነኛው ላይ ከዘራው ሲይዝ የኔታ ቆም ብለው ሁለቴ መታ መታ አደረጉት። ከዚያ ቀጠሉ። አሥራ አምስት፣ ሃያ። ሃያ ሁለት ላይ የእንዳላማው ከንፈር ቆመ። የኔታ አንድ መስመር ጨመሩ፣ ወደ ግራ ዞሩ፣ ገቡ።

ትንሽ ቆይቶ ከግቢው ውስጥ ድምፃቸው ተሰማ። ተማሪዎቻቸውን በየስማቸው እየጠሩ ነበር፤ አንዱንም አልረሱም።