የእትዬ ግፊ ማዋለጃ ቤት

እትዬ ግፊ የሚለውን ስም ያወጡላቸው ወላጆቻቸው አይደሉም። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ በአዋላጅነት ሲሠሩ፣ "ግፊ! ግፊ እንጂ የኔ እህት!" የሚለው ጩኸታቸው በመስኮት ወጥቶ እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ድረስ ይሰማ ስለነበር ሰፈሩ ስሙን ለጠፈባቸው። አውቶቡስ የሚጠብቁ ወንዶች ሳይቀሩ ሳይታወቃቸው ጥርሳቸውን ነክሰው ይገፉ ነበር ይባላል። እኔም በሳቸው እጅ የተወለድኩ ስለሆንኩ ለሳቸው ባዳላ አይፈረድብኝም።

አጠር ያሉ፣ ደንደን ያሉ፣ ሲራመዱ የሚያሳድዱት ሰው ያለ የሚመስሉ ሴት ናቸው። ጡረታ ከወጡ ዘጠኝ ዓመት ቢያልፋቸውም፣ መንገድ ላይ እርጉዝ ሴት ካዩ ዛሬም ቆም ይሉና በዓይናቸው ይመዝኗታል። "ወር ከአሥር ቀን ቀርቷታል" ይላሉ፤ ብዙውን ጊዜም አይስቱም። አንድ ጊዜ ብቻ ዳቦ ሻጯን "መቼ ነው እንግዲህ?" ብለው ጠይቀዋት፣ ሴትዮዋ እርጉዝ ሳትሆን ቀረች። ከዚያ በኋላ ሁለት ወር ሙሉ ዳቦ የሚገዙት ከሩቅ ሱቅ ነበር።

ማዋለጃ ቤቱ ከቤታቸው ሁለት መንገድ ዝቅ ብሎ ይገኛል። በከተማዋ ለወላዶች ተብሎ የተሠራ የመጀመሪያው ቤት እሱ ነው። ዘጠና ዓመት አልፎታል፤ ግንቡ የድንጋይ፣ ፎቁ ሁለት፣ መስኮቶቹ ረጃጅም ናቸው። የሠራው ሰው ስሙ ተረስቷል። ግን ለሴቶች የሚያስብ ሰው እንደነበረ ከደረጃው ይታወቃል፤ እያንዳንዱ እርከን ከሌላ ቤት እርከን በግማሽ ዝቅ ያለ ነው፣ ምጥ የያዛት ሴት እግሯን ብዙ ሳታነሳ እንድትወጣ። በረንዳው ላይ ደግሞ አባቶች ወዲያ ወዲህ ሲሉ የሸክላ ንጣፉን በልተውት፣ ከበሩ እስከ ጥጉ ድረስ ጎድጎድ ያለ መንገድ አውጥተዋል። "ሚስት ታምጣለች፣ ባል ንጣፍ ይፈጫል" ይሉ ነበር እትዬ ግፊ።

አዲሱ ሆስፒታል ሲከፈት ማዋለጃው ተዘጋና ሦስት ዓመት ባዶውን ቆመ። አንድ ማክሰኞ ጠዋት እትዬ ግፊ ዳቦ ሊገዙ በዚያ ሲያልፉ፣ ግንቡ ላይ በቀይ ቀለም ትልቅ ኤክስ ተሠርቶበት፣ በሩ ላይም ማስታወቂያ ተለጥፎ አዩ። መነጽራቸውን አድርገው ተጠጉ። ሕንፃው በእርጅና ምክንያት ለሕይወት አስጊ ሆኖ ስለተገኘ፣ በስልሳ ቀን ውስጥ ፈርሶ የመኪና ማቆሚያ ይሠራበታል ይላል። መንገደኛው ሁሉ እስከዚያ ድረስ አንብቦ "ወይ ጉድ" ብሎ ነበር የሚያልፈው። እሳቸው ግን የጀመሩትን ሳይጨርሱ የማይተዉ ሰው ስለሆኑ እስከ ግርጌው ወረዱ። ግርጌው ላይ ሕንፃውን የመረመረው የማዘጋጃ ቤቱ መሐንዲስ ስምና ፊርማ ነበር። የልጃቸው ባል! አብሯቸው የሚኖረው፣ አብሯቸው የሚበላው አማቻቸው።

የዚያን ቀን ምሳ ላይ ለአማቻቸው ሾርባ ጨለፉና ሳህኑን ከፊቱ አስቀመጡለት። ማንኪያ ግን አልሰጡትም።

"ማዋለጃ ቤቱ በር ላይ ስምህን አነበብኩት" አሉ።

"እማማ፣ ልነግርዎት ነበር እኮ።"

"መቼ? በስልሳ አንደኛው ቀን?"

"ሕንፃው አርጅቷል። ግድግዳው ተሰንጥቋል። ነገ ሰው ላይ ቢወድቅ የምጠየቀው እኔ ነኝ።"

"እኔም አርጅቻለሁ። ግንባሬም ተሰንጥቋል። በል ያን ቀይ ቀለምህን አምጣና ቀባኝ!"

ልጃቸው ሳቋ ሊያመልጣት ሲል ወደ ወጥ ቤት ሮጠች። ባሏ ግን አልሳቀም።

"ለመሆኑ ውስጡ ገብተሃል?" አሉት።

"አስፈላጊው ምርመራ ተደርጓል" አለ፣ ልክ እንደ ደብዳቤ።

ከዚያ ወዲያ አማትና አማች ተኳረፉ። አንድ ገበታ ላይ ተቀምጠው በልጅቷ በኩል ብቻ ይነጋገሩ ጀመር። "ለባልሽ ጨዉን ያቀብለኝ በይው" ይላሉ እሳቸው። "ለእናትሽ ጨዉ ከእጃቸው ሥር ነው በያቸው" ይላል እሱ። ልጅቷም አንገቷን ወዲያና ወዲህ ስታመላልስ ሰነበተች።

እትዬ ግፊ ግን በኩርፊያ ብቻ የሚረኩ ሰው አይደሉም። በማግስቱ ከማዋለጃው ፊት ለፊት ወዳለው ፎቶ ቤት ተሻገሩ። ፎቶ አንሺው ዕድሜውን በሙሉ ክፉ ነገር ሲጠብቅ የኖረ፣ "አይሆንም" ሳይል ቀኑ የማይመሽለት ሰው ነው። ግን አራት አሥርት ዓመት ሙሉ፣ ከማዋለጃው የወጡ እናቶች ቤታቸው ሳይገቡ መንገዱን ተሻግረው ሕፃኑን ያስነሱ የነበረው እሱ ዘንድ ነው። የእያንዳንዱን ፎቶ አንድ አንድ ቅጂ በብስኩት ቆርቆሮዎች ውስጥ አስቀርቷል።

"ማዘጋጃ ቤት አንዴ ኤክስ ካደረገ አለቀ፤ አይሆንም" አላቸው።

"አንተ ተስፋህን ቁረጥ፣ ማንም አይከለክልህም። እየቆረጥክ ግን ቆርቆሮዎቹን አውርድልኝ።"

በሳምንቱ መጨረሻ የማዋለጃው የብረት አጥር በሕፃናት ፎቶ ተሸፈነ። ሲባጎ ዘርግተው፣ በልብስ መቆንጠጫ እያያያዙ፣ ከስድስት መቶ በላይ ፎቶ ሰቀሉ። መሃሉ ላይ እትዬ ግፊ በትልልቅ ፊደል የጻፉት ወረቀት አለ፦ "እዚህ የተወለዳችሁ ሁሉ፣ ራሳችሁን ፈልጉ። ስታገኙ ፈርሙ።"

ሰው ጎረፈ። አውቶቡስ ጠባቂው አውቶቡሱን እያሳለፈ አጥሩ ላይ ተለጠፈ። ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ አዲስ የተወለደ ሕፃን ሁሉ አንድ ነው፤ የተጨማደደ፣ ዓይኑን የጨፈነ፣ በሆነ ነገር የተናደደ። አንድ አውቶቡስ ነጂና አንድ ጫማ ሻጭ በአንድ ፎቶ ላይ ተያያዙ። "ይኼ እኔ ነኝ! ጆሮውን አታይም?" "የማነው ጆሮ? እናቴ እኮ ይህን ፎቶ ቤት አላት!" እየተባባሉ ሊደባደቡ ሲሉ ፎቶ አንሺው መጣና ጀርባውን ገለበጠው። ሴት ልጅ ይላል። ሁለቱም አንገታቸውን ደፍተው ፈረሙ። ከሦስት ቀን በኋላ አንዲት የትራፊክ ፖሊስ መጥታ ፎቶው የሷ መሆኑን በቀኑ አረጋገጠች፤ ፈርማም ስታበቃ አጥሩ አጠገብ ያለ ቦታው የቆመ የማዘጋጃ ቤት መኪና አየችና ቀጣችው።

በሦስት ሳምንት ውስጥ አራት ደብተር በፊርማ ሞላ። ፎቶ አንሺው እንኳ "አይሆንም" የሚለውን ትቶ "እስቲ እናያለን" ማለት ጀመረ፤ ለእሱ ይህ እንደ ጭፈራ ነው።

ቤት ውስጥ ግን ኩርፊያው እንዳለ ነው። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ልጅቷ በቃኝ አለች።

"ከዛሬ ጀምሮ አስተርጓሚ አይደለሁም! ጨው የፈለገ ራሱ ተነስቶ ያንሳ!" ብላ ጮኸች። ወደ ባሏም ዞረች። "አንተ፣ እውነቱን ንገረኝ። ውስጡን ሳታይ ነው አይደል የፈረምከው?"

መሐንዲሱ ሻዩን ሲያማስል ቆየ። ስኳር አልጨመረበትም ነበር።

"በሩ ተቆልፎ ነበር" አለ በመጨረሻ። "አለቃዬ ሪፖርቱን በሁለት ቀን ውስጥ አምጣ አለኝ። የጓሮውን ልብስ ማጠቢያ ቤት አየሁት፤ እሱ እውነትም ሊወድቅ ነው። የዋናውን ቤት ስንጥቅ ከውጭ አየሁና..."

እትዬ ግፊ ተነሱ፣ ነጠላ ጫማቸውን አውልቀው የመንገዱን አደረጉ። "ተነስ" አሉት። ከብዙ ቀን በኋላ በቀጥታ ያናገሩት የመጀመሪያው ቃል ነው።

ቁልፉን የያዘው የማዋለጃው ዘበኛ ከፈተላቸው። ውስጡ አቧራና የእርግብ ላባ ሆኗል። እትዬ ግፊ ግን በረንዳውን አልፈው ደረጃውን ሲጀምሩ ኩርፊያውንም ጉልበታቸውንም ረሱት። "ይኼ የምጥ ክፍል ነው። እዚህ ጋ ሚዛኑ ነበር። ይቺ መስኮት አትዘጋም፣ በዚህች ነው ድምፄ የሚወጣው" እያሉ ይመሩታል። ላይኛው ክፍል ሲደርሱ መሐንዲሱ ቆመ። ከመስኮቱ ጥግ እስከ ወለሉ የሚወርድ፣ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ።

"ይኸው!" አለ። "ይኼን ነው የምልዎት።"

"ይኼንንማ አንተ ሳትወለድ አውቀዋለሁ። ና ይህን ቁም ሣጥን ግፋልኝ።"

ገፋው። ከቁም ሣጥኑ ጀርባ፣ ስንጥቁ ላይ መዳፍ የሚያህል ጀሶ ተለጥፎበታል። በሚስማር የተጫረ ቀንም አለው። የዛሬ ሃያ ዘጠኝ ዓመት አንድ ግንበኛ ሚስቱን ሊያስወልድ መጥቶ ይህን ስንጥቅ ሲያይ ልቡ ወለቀ። ሚስቱ ስታምጥ እሱ ሮጦ ጀሶ አምጥቶ ለጠፈበት፤ ልጁ የተወለደችበትን ቀንም ጻፈበት። "ጀሶ ደረቅ ነው፣ አይለመጥም" አላቸው። "ግድግዳው ፀጉር ታህል ከተንቀሳቀሰ ይቺ ትሰነጠቃለች። ያኔ ሽሹ። እስከዚያ ግን አትፍሩ።"

መሐንዲሱ በርከክ አለ። የስልኩን መብራት አብርቶ ጀሶውን በጥፍሩ ዳሰሰው፣ ዞሮ አየው፣ ደግሞ ዳሰሰው። አንድም ስንጥቅ የለበትም።

"አልተንቀሳቀሰም" አለ፣ ለራሱ እንደሚናገር ሰው። "ሃያ ዘጠኝ ዓመት ምንም አልተንቀሳቀሰም።"

ቅዳሜውን ሙሉ ሲለኩ ዋሉ። እሱ የሜትሩን አንድ ጫፍ፣ እሳቸው ሌላውን። "ጥብቅ አድርጊው እንጂ... ጥብቅ ያድርጉት እማማ" ብሎ፣ በስህተት አንቺ እስኪላቸው ድረስ ሥራው ያዘው። ልጅቷ ዳቦና ሻይ አመጣችላቸውና ደረጃው ላይ ተቀምጠው በሉ። እዚያ ላይ ነው ፊቱ የጠቆረው።

"ሪፖርቴን ካነሳሁ አለቃዬ አይምረኝም። ሰው ፊት ቆሜ ሳላይ ፈረምኩ ልበል?"

እትዬ ግፊ ያን ጊዜ አልቀለዱም። "እኔ አንዲት ሴት ገና ነሽ ብዬ ወደ ቤቷ መልሻት፣ አውቶቡስ ውስጥ ወለደች" አሉ። "እግዜር ይመስገን፣ እሷም ልጇም ተረፉ። ማንም አልከሰሰኝም፤ ማንም አላወቀም። በማግስቱ ግን ቤቷ ሄጄ ጥፋቱ የኔ ነው አልኳት። እስክናገረው ድረስ ሌሊቱን ቁጭ ብዬ ነው ያደርኩት። ከተናገርኩት በኋላ ግን እንቅልፍ ወሰደኝ።"

እሱ ፍርፋሪውን ከጉልበቱ ላይ አራግፎ ወደ ልኬቱ ተመለሰ።

የፊርማው ደብተሮች የቀረቡለት የከተማው ምክር ቤት ጉዳዩን ለማየት የተሰበሰበ ቀን አዳራሹ ግጥም ብሎ ሞላ። ለእትዬ ግፊ አምስት ደቂቃ ተሰጣቸው። ንግግራቸውን ከፎቶ አንሺው ጋር ጽፈው ነበር፤ ነገር ግን ቀና ብለው የተመራጮቹን ፊት ሲያዩ ወረቀቱን አጠፉት።

"አንተ!" አሉ የውሃ ጉዳይ ኃላፊውን። "አንተ ስትወለድ በእግርህ ነው የመጣኸው። እናትህን አሥራ አራት ሰዓት አስጨንቀሃታል።" አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። "አንቺ ደግሞ፣ እትብትሽ አንገትሽ ላይ ሁለት ጊዜ ተጠምጥሞ ሰማያዊ ሆነሽ ነበር። ዛሬ እንዲህ አፍሽን ሞልተሽ ስትናገሪ ሳይ ደስ ይለኛል።" ከዚያም ወደ ሊቀመንበሩ ዞሩ። "አንተስ ብትሆን! ሦስት ኪሎ ተኩል ነበርክ፤ ጭንቅላትህ ብቻ..."

"እኔ እንኳ" አሉ ሊቀመንበሩ ጉሮሯቸውን ጠራርገው፣ "የተወለድኩት ሌላ ከተማ ነው።"

"ውይ! እንግዲያው አንተ አይደለህማ፣ እርስዎ ነዎት። ይቅርታ ያድርጉልኝ" አሉና እጅ ነሱ። ሊቀመንበሩም ጭምር ሳቁ።

ሳቁ ሲበርድ መሐንዲሱ ከኋላ ወንበር ተነሳ። አለቃው ዘወር ብሎ ሲያየው ዓይኑ ደም ለብሶ ነበር። መሐንዲሱ ግን ወደ ፊት ወጣ።

"ሪፖርቱ የኔ ነው። ስህተቱም የኔ ነው" አለ። "ውስጡን ሳላይ ፈርሜያለሁ። አሁን ገብቼ ለክቻለሁ። ዋናው ቤት ጣራውና አንድ መስኮቱ መጠገን አለበት እንጂ አይወድቅም። የጓሮው ልብስ ማጠቢያ ግን መፍረስ አለበት፤ እሱ አደገኛ ነው።" ስለ ጀሶዋም ነገራቸው፤ ፎቶዋንም አሳያቸው።

ማንም አላጨበጨበለትም። እትዬ ግፊ ብቻ ሲመለስ ወንበራቸውን ጠጋ አድርገው ቦታ ለቀቁለት።

ቤቱ በሁለት ድምፅ ብልጫ ዳነ። ሌላ ከተማ የተወለዱት ሊቀመንበር ደገፉ፤ በእግሩ የመጣው ሰውዬ ድምፀ ተዓቅቦ አደረገ። እናቱ እስከ ዛሬ አላናገረችውም ይባላል።

ልብስ ማጠቢያው ፈርሶ ስምንት መኪና የሚይዝ ማቆሚያ ሆነ። መሐንዲሱ በወሩ "ለሥራው ቅልጥፍና ሲባል" የሚል ደብዳቤ ደርሶት ወደ ፍሳሽ ክፍል ተዛወረ። ሁለት ሳምንት ያህል ፊቱ አልተፈታም። አሁን ግን ለምዶታል። "ቱቦ ወይ ይፈሳል ወይ አይፈስም፤ ሪፖርት አያስፈልገውም" ይላል። ጫማውን ደጅ እንዲያወልቅ እትዬ ግፊ አጥብቀው ነግረውታል።

የማዋለጃው ጥገና ሰባት ወር ፈጀ። ታችኛው ፎቅ የእናቶችና የሕፃናት ክትባት መስጫ ሆኖ ተከፈተ፤ ላይኛው ላይ ፎቶ አንሺው ፎቶዎቹን ሰቅሎ፣ ማንም አይመጣም እያለ በየቀኑ ለሚመጣው ሰው ያስጎበኛል። እትዬ ግፊ ሐሙስ ሐሙስ ይሄዳሉ። ሥራ የላቸውም፤ ማንም አልጠራቸውም። ተቀምጠው ለአዲስ እናቶች "አንገቱን ደግፊው፣ እንደሱ አይደለም፣ ስጪኝ እስቲ" ይላሉ። ወጣቷ ነርስ ሥራ አስፈቱኝ ብላ ወንበራቸውን ወደ በሩ ወስዳ ነበር። እሳቸውም ወንበሩን በአንድ እጃቸው፣ የሰው ልጅ በሌላው እንደያዙ፣ ጎትተው ወደ መሃል መለሱት።