ለብርድ አገር የሚበቃ ፔስት

ደብረ ታቦር ውስጥ ኮምፒውተር በሙቀት ይታመማል ቢሉት የሚያምን ሰው ጥቂት ነው። እኔም ጥገናውን እየሠራሁ እንጀራዬን እየበላሁበት፣ በልቤ ብዙም አላምንም ነበር። ከጉና ተራራ የሚወርደው ብርድ ጣቴን አደንዝዞ ብሎን ሲያስጥለኝ ይውላል፤ በዚያ ላይ ደንበኛ መጥቶ «ማሽኔ እየጋለ ይጠፋል» ሲለኝ፣ ትንሽ ሙቀት ለእኔም ባካፈለኝ እያልሁ እቀልድበት ነበር።

የኮምፒውተሩ አንጎል በሆነው በፕሮሰሰሩና ሙቀቱን በሚስብለት የመዳብ ሳህን መካከል ስስ ቅባት ይገባል። ሙሉ ስሙ ቴርማል ፔስት ነው፤ እኛ ፔስት ብለን እንጨርሰዋለን። ሁለቱ ፊቶች ለዓይን ልሙጥ ቢመስሉም በደንብ አይገናኙም፣ መካከላቸው አየር ይቀራል። ፔስቱ ያን ክፍተት ሞልቶ ሙቀቱን ያሻግራል። ሲደርቅ ግን ማሻገሩን ይተዋል፤ ማሽኑም እንዳይቃጠል ብሎ ራሱን ያጠፋል።

ሱቄ ውስጥ ሁለት ዓይነት ነበረኝ። ነጩ በትልቅ ዕቃ የሚመጣ ርካሽ ነው። ግራጫው በትንሽ ሲሪንጅ ሆኖ ከባሕር ዳር በሚኒባስ ሹፌር እጅ የማስመጣው፣ ደህናው ነው። ግራጫውን ለቢሮ ማሽኖች፣ በተለይም ቶሎ ለሚቆጡ ኃላፊዎች አስቀምጠው ነበር። ለቀረው ሰው «ለደብረ ታቦር ብርድ ነጩ ይበቃል» እላለሁ። ይህችን ነገር ራሴ ፈጥሬ ራሴው አምኛታለሁ። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ቢቀዘቅዝም ስስ ነው፤ ፋኑ የቱንም ያህል ቢሽከረከር የሚገፋው አየር ያንስበታል፣ ማሽኑም ይበልጥ ይለፋል። ይህን የተማርሁት ዘግይቼ ነው።

አምና ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ተቀምጣ አቤቱታና ማመልከቻ የምትጽፍ ሴት ላፕቶፗን አመጣችልኝ። ከቤሩት ከተመለሰች ሁለት ዓመት ይሆናታል። በሰው ቤት ስታጥብና ስትጠርግ ኖራ ባጠራቀመችው የገዛችው ይህንኑ ላፕቶፕና አንድ ማተሚያ ነው፤ እሷም እናቷም የሚተዳደሩት በዚያ ነው። ደህናውን እንዳደርግላት፣ ቀኑን ሙሉ እንደምትሠራበት ነገረችኝ። እኔም ያችን የለመድኋትን ነገር አልሁና ነጩን ቀባሁላት።

አምስት ወር እንኳ አልሞላም። ለዘመድ ሠርግ እብናት ሄጄ፣ ሱቄን ለቀናት ዘግቼ ስመለስ፣ ልጅቱና እናቷ ደጃፌ ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ላፕቶፑን የያዙት እናትየው ናቸው፤ በነጠላ ጠቅልለው አቅፈውታል።

የሆነውን የነገሩኝም እሳቸው ናቸው፣ ወንበር እንኳ ሳይዙ። ማሽኑ አቤቱታ መሀል ድንገት እየጠፋ አስቸግሯት፣ እኔንም ብታጣኝ፣ ልጅቱ በስልኳ ቪዲዮ እያየች ቤቷ ፈታችው። የደረቀውን ጠርጋ፣ የሚቀባ ፔስት ልትፈልግ ከተማውን ልትዞር ወጣች። እናት ከተከፈተው ማሽን ጋር ብቻቸውን ቀሩ። ልጃቸው «የሚግለው እዚህ ላይ ነው፤ ቅባቱ ደርቆበት ነው» ስትል ሰምተዋል። ራሱን ያመመውና ያተኮሰው ሰው አናቱን ለጋ ቅቤ ሲያደርጉለት ቀለል እንደሚለው ደግሞ ዕድሜያቸውን ሙሉ አይተዋል። በአደስ የታሸ ቅቤ ቤት ውስጥ ነበራቸው፤ በጣታቸው ቆንጥረው ቀቡት።

ልጅቱ ባዶ እጇን ስትመለስ ማሽኑ ተቀብቶ ጠበቃት። ፔስት የለ፣ ባለጉዳይ ይጠብቃታል፤ ምን ታድርግ፣ ገጥማ አስነሳችው። ግማሽ ቀን ያህል ሠራላት። ከዚያ ጠፋ፤ ቢያስነሱትም ወዲያው እየጠፋ እምቢ አለ።

«ሰው አገር ሄዳ ጉልበቷን ጨርሳ ያመጣችውን፣ እኔ በአንዲት ጣት ቅቤ ገደልሁባት» አሉኝ እናት።

ልጅቱ ፊቷን ወደ መንገዱ አዙራለች። እኔ ደግሞ፣ አልዋሽም፣ ሳቄ መጥቶብኝ ነበር። ማታ ለጓደኞቼ እንዴት አድርጌ እንደማወራው ሁሉ አስቤ ነበር።

ሳህኑን ፈትቼ ሳነሳ የአደስ ሽታ ሱቁን ሞላው። ቅቤው ቀልጦ ከፕሮሰሰሩ ዳር ወርዷል፤ ከቦርዱ ጥቃቅን ዕቃዎች መሀል ገብቷል። በጥጥ አይጸዳም፣ ጥጥ ብናኙን ይተዋል። ታጥቦ የሳሳ የሸሚዝ ጨርቅ በአልኮል እያራስሁ፣ ቀስ እያልሁ ጠረግሁት፤ ለጠባቡ ቦታ ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ያዝሁ። ጨርቁ ቢጫ ሆኖ ይወጣል፣ እለውጣለሁ፤ ደግሞ ቢጫ ይሆናል። ቅቤው ሲለቅ፣ በመዳቡ ሳህን ጠርዝ ላይ፣ ልጅቱ ስትጠርግ ያመለጣት ነጭ ቅርፊት ብቅ አለ። በጥፍሬ ብነካው እንደ አሮጌ ኖራ ተፈረፈረ። የራሴ ፔስት ነው፤ በወራት ውስጥ ደርቆ እንዲህ ሆኗል። ሳቄ የት እንደገባ እኔም አላውቅም። ቅቤው የመጣው እኔ ካበላሸሁት በኋላ ነው።

አልኮሉ እስኪተን ጠበቅሁ። ከዚያ ግራጫውን አወጣሁና የምስር ፍሬ ያህል ጠብ አድርጌ፣ ሳህኑን መልሼ አሰርሁት። ተነሳ። እንዲደክመው ብዬ ከባድ ከባድ ሥራ ሰጠሁት፤ አልጠፋም። እናት ዳነ ወይ ብለው ጠየቁኝ፤ ድኗል አልኋቸው። ደስ ይላቸዋል ስል፣ ሁለተኛ የልጃቸውን ዕቃ እንደማይነኩ በዝቅተኛ ድምፅ ተናገሩ። የቀቡበትን እጅ ነጠላቸው ውስጥ ደብቀውታል። ልጅቱ አሁንም ፊቷን ከመንገዱ አልመለሰችም።

እዚህ ላይ ዝም ብል የሚጠይቀኝ አልነበረም። ቅቤው ነው ቢባል ከተማው ሁሉ ያምነኛል፣ ስሜም አይነካም። ግን ያን የተደበቀ እጅ ማየት አልቻልሁም።

«እናቴ፣ የእርስዎ ቅቤ አይደለም» አልኋቸው። «ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ደህናው መሳቢያዬ ውስጥ እያለ የማይረባውን ቀባሁላት።»

ልጅቱ ያን ጊዜ ዞረች። «ደህናውን አድርግልኝ ብዬህ ነበር» አለችኝ። ቁጣ አልነበረበትም፤ ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር። አዎ፣ ብለሽኝ ነበር አልኋት።

እናት ወንበር ላይ የተቀመጡት ገና ያኔ ነው። እንባቸው ያለ ድምፅ ይወርዳል። ልጅቱ ደነገጠች።

«እማዬ፣ እኔ እኮ አንዲት ክፉ ቃል አልተናገርሁም» አለቻቸው።

«አፍሽማ አልተናገረም» አሉ።

ልጅቱ ላፕቶፑን ልታነሳ ይዛው ነበር። እጇን ከላፕቶፑ ላይ አነሳች፤ ከነጠላው ሥር የእናቷን እጅ ፈልጋ አወጣችና፣ እንደያዘችው ደግፋቸው ወጣች። ፍርድ ቤቱ በር ላይ ባለጉዳዮች እየጠበቋት፣ ላፕቶፑ ጠረጴዛዬ ላይ እንደበራ ቀረ። ልትወስደው የመጣችው በማግስቱ ነው።