ለተቀመጠ ሰው የተለካ

በድሪያ ደንበኛዋን ሁለት ጊዜ ነው የምትለካው፤ አንዴ አቁማ፣ አንዴ አስቀምጣ። “ዓባያሽ ቆመሽ ልክ ቢሆን ምን ይጠቅምሻል? ስትቀመጪ ወደ ጉልበትሽ ይሰበሰባል” ትላለች። ጅዳ፣ ባግዳዲያ ሰፈር ባለችው ጠባብ የልብስ ስፌት ሱቋ ሃያ ዓመት እንዲህ ሠርታለች።

እሷ ራሷ ውሎዋ ተቀምጣ ነው። በልጅነቷ ፖሊዮ እግሮቿን ስላሽመደመዳቸው በተሽከርካሪ ወንበር ትሄዳለች። አምና ፍሬኑም ፍጥነቱም በእጅ የሚታዘዝ የኤሌክትሪክ መኪና ገዛች። መካ ያሉትን እናቷን ጁምዓ ጁምዓ ማንንም ሳታስቸግር ለመጠየቅ ነበር ሐሳቧ። እስከዚያ ጊዜ መካ የሚያደርሳት ወንድሟ ሳሊሕ ነበር፤ እሱም ሲመቸው።

ቻርጅ ማድረጊያው ግን ሐሳቧን አበላሸው። በቅርቧ ያለው የገበያ ማዕከል ማሽኑን መኪና እንዳይገጨው ብሎ ከፍ ባለ የሲሚንቶ መደብ ላይ ተክሎታል። ወንበሯ መደቡን አይወጣም፤ እጇም መሰኪያው ጋ አይደርስም። ስለዚህ በየሳምንቱ አላፊ አግዳሚውን ወይም የማዕከሉን ጥበቃ “ያ አኺ፣ ወንድሜ፣ ይህን ሰካልኝ” ማለት ነበረባት። ሰዎቹ ደስ ብሏቸው ይሰኩላታል። እሷን ግን ያ ቃል ከአፏ በወጣ ቁጥር መኪናው የሰው ይመስላት ነበር።

አንድ ቀን ማሽኑ ላይ ማስታወቂያ ተለጥፎ አገኘች። መንግሥት ለቻርጅ ማድረጊያ ቦታዎች አዲስ መመሪያ እያረቀቀ ነው፤ አካል ጉዳተኛ አሽከርካሪዎች አስተያየት ካላቸው እሑድ እዚሁ ይምጡ ይላል።

“በኢቃማ፣ በመኖሪያ ፈቃድ የምትኖሪ ሰው የመንግሥት መመሪያ ልታርሚ?” ብሎ ሳቀባት ሳሊሕ። “ኸላስ፣ ተይው እቴ። እኔ እየመጣሁ እሰካልሻለሁ።”

“አንተን ስንጠብቅ እኮ ጁምዓ ሰኞ ይውላል!”

እሑድ ሄደች። ቱርኪ የሚባል ወጣት መሐንዲስ ረቂቁን ይዞ ማሽኑ አጠገብ ቆሟል። በድሪያ ሜትሯን ከአንገቷ አወረደችና የመደቡን ከፍታ፣ የክንዷን ርዝመት፣ ከጭኗ እስከ መሰኪያው ያለውን እየለካች ቁጥሩን እንደ ሱቋ ጮክ ብላ ጠራች።

“ኻላ፣ አክስቴ፣ ለማሽኑ ዓባያ ሊሰፉለት ነው?” አለ ቱርኪ።

“የተሰፋውስ ለቆመ ሰው ነው። እኔን ማን ለካኝ? በል፣ ከመኪናዬ የሱቄን በርጩማ አውርድና ተቀመጥ።”

እየሳቀ ተቀመጠ። እጁን ቢዘረጋ መሰኪያው በስንዝር ራቀው። ከፍ ሊል ሲቃጣው ትከሻውን ያዝ አደረገችው። “አትነሣ። እኔ አልነሣም።”

ቱርኪ ሳቁን ትቶ እስክሪብቶውን አወጣ። “ስንት ልበል?”

“መደቡን አፍርሱት። መሰኪያውን ደግሞ እኔ ከምደርስበት አራት ጣት ዝቅ አድርጉት፤ ከእኔ የምታጥርም አለች።”

መመሪያው ከወራት በኋላ ሲወጣ የበድሪያ ስም የትም አልነበረም። ቻርጅ ማድረጊያ ከመሬት እኩል ይተከል፣ መሰኪያውም ለተቀመጠ ሰው እጅ ይድረስ የሚለው ግን በግልጽ ተጽፏል። የገበያ ማዕከሉም መደቡን አፈረሰ።

በመጀመሪያው ጁምዓ ጥበቃው እንደለመደው ሊሰካላት ሮጠ። “ተው፣ ተው፣ ወዲያ!” አለችው። መሰኪያውን ራሷ አወረደች፤ ራሷ ሰካች። ጥበቃው ግራ ገብቶት ቆሞ አያት።

መካ ስትደርስ እናቷ ሁልጊዜ እንደሚያደርጉት ለዱዓ እጃቸውን ዘረጉ። “ዛሬስ የሰካልሽ ማነው? ልመርቀው።”

“እኔው ነኝ እማ። ዱዓውን ለእኔ አድርጊልኝ።”