በሁዳዴ የተከተበ ክንድ

ነርስ እንዴት ሆንሽ ለሚሉኝ ልጃገረዶች እውነቱን ስነግራቸው ቅር ይላቸዋል። በጠላት ጊዜ ደብረ ማርቆስ፣ ጣልያኖች በከፈቱት ሐኪም ቤት ወለል እወለውል ነበር። አንድ ቀን የሐኪሙ አስተርጓሚ፣ በቦት ጫማው ሲንጎራደድ የሚውል ሰው፣ የቁስለኛ ደም አይቶ ዘጭ አለ። እኔ ጨርቄን ጥዬ የቁስለኛውን እግር ያዝኩ። ወለል ስወለውል የለቃቀምኳት ጣልያንኛም ነበረችኝ። በማግስቱ ሐኪሙ ነጭ ቀሚስ ሰጠኝ። ትምህርቴ ይኸው ነው፤ እጅሽን ታጠቢ፣ መርፌውን ቀቅይ፣ በበሽተኛ አትሳቂ። አፍሽን ዝጊ የሚል አልነበረበትም።

በዚያው ዓመት ፈንጣጣ ወደ ይጁቤ እየተጠጋ ነው ተባለና ከሐኪሙ ጋር ለክትባት ሄድን። ይጁቤ የተወለድኩባት ናት፤ እናቴም እዚያው ነበረች። ፈንጣጣ አንዴ የወጣበትን ሰው አይደግመውም፤ እናቴ ግን ወጥቶባት አያውቅም። የሄድኩት ለሕዝቡ ሳይሆን ለእሷ ነው ብል አላፍርም።

ገበያው ዳር ሰልፉ ረዘመ። እናቴ አራተኛ ነበረች። ከፊቷ የቆመችው ጎረቤታችን፣ "መድኃኒቱ ከምን ይሠራል?" አለችኝ። አዋቂነቴ ተናነቀኝ።

"ከጥጃ! ከጥጃ ቁስል የሚወጣ ውሃ ነው።"

ሁዳዴ ነበር። ሰልፉ ብትን አለ። ጎረቤታችን "ጾሙ ይፈታና እመጣለሁ" ብላ ነጠላዋን አጣፍታ ሄደች። እናቴ ግን ሳትናገር የምትሄድ ሴት አልነበረችም።

"አንቺ! ወልጄ ባሳደግሁሽ በሁዳዴ ጥጃ ልታበይኝ?"

ሐኪሙ ሰዎቹ የት ሄዱ ቢለኝ "ሊጸልዩ" አልኩት።

እያለቀስኩ ወደ ነፍስ አባታችን ሮጥኩ። ዲማ ደብር የተማሩ፣ ለነገር የማይቸኩሉ ሰው ነበሩ።

"ጥጃው ታርዷል?" አሉኝ።

"አልታረደም አባ።"

"በአፍ ነው የሚገባ?"

"በክንድ ነው፤ ጫር ተደርጎ።"

ጺማቸውን እየደባበሱ ቆዩ። እኔ ሐኪሙ ዕቃውን ጠቅልሎ እንዳይሄድ ነፍሴ ተጨንቃለች።

"እንግዲህ ክንድ ሲጾም አላየሁም" አሉና ገበያ ወጥተው ሰው ሁሉ እያየ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። መርፌው ሲነካቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር።

ሰዉ ተመለሰ፤ ሁሉም ግን አይደለም። እናቴ ፊቷን አዙራ ክንዷን ብቻ ዘረጋችልኝ። ምናልባት አባ ተሳስተው እንደሆነ ብላ፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ እስከ ፋሲካ ጀንበር ሳትጠልቅ እህል አልቀመሰችም። እኔንም አላነጋገረችኝም።

ከፋሲካ በኋላ ፈንጣጣው መንደራችን ገባ። ጾሙ ይፈታና ያለችውን ጎረቤታችንን ወሰዳት። ያቺ ሴት እስከ ዛሬ ትከብደኛለች፤ ከዚያ ወዲህ አንድ ሰው ከምን ይሠራል ሲለኝ መጀመሪያ ክንዱን እይዛለሁ።

እናቴ ከቀብር ተመልሳ መደቡ ላይ ተቀመጠች። ክንዷ ላይ ያለውን ጠባሳ ስትዳስስ ቆየችና ከስንት ጊዜ በኋላ አነጋገረችኝ።

"ያ ጥጃ" አለች፣ "ዕድሜ ይስጠው።"