ከስሟ በታች

ኦሪሲያ ባቢች የዊሎ ቤንድን የከተማ ምክር ቤት ስብሰባ መከታተል የጀመረችው በአንድ የውሃ ቱቦ ሰበብ ነው። ቱቦው ተደፍኖ የቀለጠው በረዶ ምድር ቤቷን ቢያጥለቀልቀው ልትጠይቅ ሄደች። አጀንዳ ላይ የለም አሏት። እስኪኖር እጠብቃለሁ ብላ ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ቱቦው በዓመቱ ተጠገነ፤ እሷ ግን እንደተቀመጠች ሃያ ሁለት ዓመት ሞላት።

ከዚያ በፊት በእህል ጎተራው ሚዛን ላይ ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርታለች። የገበሬውን ስንዴ መዝና ወረቀት የምትሰጠው እሷ ነበረች። ደቃቅ ጽሑፍ የማንበብ አመል የያዛትም እዚያው ነው። ገበሬዎቹ ሲያፌዙባት፣ ኦሪሲያ የመድኃኒቱን ብልቃጥ ዙሪያውን አንብባ ሳትጨርስ ራስ ምታቷ ይለቃታል ይሉ ነበር።

ምክር ቤቱ ከሦስት ዓመት ወዲህ አንድ ነገር ይዞታል። የከተማዋን የአረጋውያን ቤት ሊዘጋ ይፈልጋል። ቤቱ አሥራ አራት ክፍል አለው፤ በሰባተኛው የኦሪሲያ ታላቅ ወንድም ሜትሮ ተኝቷል። ሰማንያ ስድስት ዓመቱ ነው። እግሩ ከድቶታል፤ ዓይኑና ምላሱ ግን አልከዱትም። እሷ በየቀኑ አሥር ሰዓት ላይ በእግሯ እየሄደች ጢሙን ትላጨዋለች፤ ከዚያ አባታቸው ድሮ በርካሽ ስለሸጡት ፈረስ ይጨቃጨቃሉ። ቤቱ ከተዘጋ ሜትሮ የሚዛወረው መቶ አርባ ኪሎ ሜትር ርቆ ወዳለው ትልቅ ከተማ ነው። አውቶቡስ ከቀረ ቆይቷል። እሷም ዓይኗን ሞራ ከጋረደው ወዲህ መንጃ ፈቃዷን መልሳለች፤ ደብዳቤ የምታነበው በማጉያ መነጽር ነው። እሱ ደግሞ ስልክ አይሰማም። ሄደ ማለት በቃ ሄደ ማለት ነው።

መጀመሪያ የሞከሩት የከተማዋ ልጆች ለሆኪ ዋንጫ በተጫወቱበት ምሽት ነው። ጉዳዩ በውሻ ፈቃድና በመዋኛው ቀለም መካከል ዘጠነኛ ተራ ላይ ተሸጉጦ ነበር። ኦሪሲያ ዘጠነኛው ምንድን ነው ብላ ጠየቀች። መልሱ ስላልጣማት ወጥታ ወደ ሜዳው ሄደች፤ በእረፍት ሰዓት ነገሩን በድምፅ ማጉያ አስነገረች። ሰዉ ሻርፑን እንደጠመጠመ አዳራሹን ሞላው፤ ጉዳዩም ላልተወሰነ ጊዜ ተላለፈ። ሁለተኛው በመከር ነበር፤ ገበሬዎቹ አቧራቸውን ሳያራግፉ መጡ። ሦስተኛው የአጋዘን አደን በተከፈተበት ቀን ነበር። የእጅጌያቸው ደም ያልደረቀ ሦስት አዳኞች ፊት ወንበር ላይ ሲቀመጡ፣ ከንቲባ ግሌን ጉዳዩን ከአጀንዳው ለመሰረዝ ጊዜ አልፈጀበትም።

ግሌን ክፉ ሰው አይደለም። ትራክተር ነጋዴ ነበር፤ ደንበኛን አያስቀይምም። በኋላ እንደተሰማው፣ አንድ የምክር ቤት አባል ሕዝቡ አይፈቅድም ቢለው፣ ሕዝቡ ማለት እኮ ኦሪሲያ ናት ብሎ መለሰለት።

በሰኔ መጀመሪያ የምክር ቤቱ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ትሪሽ አንድ ወረቀት ይዛ የኦሪሲያን በር አንኳኳች። ላዩ ላይ በትልልቁ «የዓመቱ ዜጋ ኦሪሲያ ባቢች» ይላል፤ ቀጥሎ የእራት ግብዣ፣ ሐሙስ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ በከተማው አዳራሽ። ኦሪሲያ ስሟን በዚያ ቁመት አይታው አታውቅም። ያለ መነጽር ይነበባል። ትሪሽ እስክትሄድ ጠብቃ አለቀሰች፤ ደስ ብሏት ነው ያለቀሰችው።

ሐሙስ ዕለት ከተማው በሙሉ መጣ። በጎመን የተጠቀለለ ሥጋ ነበር፤ ፒሮጊ የሚሉት በድንች የተሞላ ሊጥ ነበር፤ የእሷ ፊት በስኳር የተሳለበት ኬክም ነበር፣ አፍንጫውን ደፍሮ የሚቆርስ ጠፋ እንጂ። ስለ ቱቦው ተናገረች፣ ሰዉ ሳቀ። የቤተ ክርስቲያኑ መዘምራን መዘመር ሲጀምሩ የምክር ቤቱ አባላት የተቀመጡበት የፊተኛው ጠረጴዛ ባዶ መሆኑን አየች። ሊያጨሱ ወጥተው ይሆናል አለች። ግሌን ማጨስ ከተወ አሥር ዓመት እንደሆነው ታውቃለች፤ ያን ቀን ግን የሚያስታውስ ልብ አልነበራትም። ብዙም ሳይቆዩ ተመልሰው ከሰው ሁሉ አብልጠው አጨበጨቡ። ግሌን ጉንጯን ሳማት።

የአረጋውያኑ ቤት እንዲዘጋ መወሰኑን በማግስቱ ዳቦ ቤት ሰማች። በቀጥታ ትሪሽ ዘንድ ሄዳ፣ ማስታወቂያ ያልተለጠፈለት ስብሰባ ሕገ ወጥ ነው አለቻት።

ትሪሽ ቀና ብላ አላየቻትም። «ተለጥፏል እኮ እማማ። ለእርስዎም በእጅዎ ሰጥቼዎታለሁ።»

የማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ያለው ያው የግብዣ ወረቀት ነው። ኦሪሲያ ማጉያዋን አውጥታ ከስሟ በታች፣ ከእራቱም በታች አነበበች። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ከሩብ፣ ልዩ ስብሰባ፣ ፎቅ ላይ። አጀንዳ፦ የአረጋውያን ቤት። ፊደሉ ያን ያህል ደቃቅም አልነበረም። የሰው ወረቀት ሁሉ እስከ ታች ስታነብ ኖራ የራሷን አላነበበችም፤ አፈረች።

አሥር ሰዓት ላይ ሰባተኛ ክፍል ገባች። ወረቀቱ እዚያም አለ፤ ወንድሟ እንዲኮራባት ብላ ያመጣች ዕለት ከአልጋው ፊት ለፊት የሰቀለችው ራሷ ናት። የሆነውን ሁሉ ነገረችው። ሜትሮ አልደነገጠም።

«አውቃለሁ» አላት፤ «እዚያው ላይ ተጽፏል።»

«አንብበኸው ነበር?»

«የሰቀልሽው ዕለት። ከዚህ አልጋ ላይ ሆኜ ሌላ ምን አነባለሁ?»

«ታዲያ ለምን አትነግረኝም?»

«ያላየሽው ነገር ይኖራል ብዬ በምን ልጠርጥር? አንቺ እኮ ነሽ።» ጣሪያውን አየ። «አውቀሽ የተውሽው መሰለኝ። ደክሟት ነው አልኩ። ሰባ ዘጠኝ ዓመት ሞላሽ፣ በረዶ ቢጥልም ባይጥልም በየቀኑ መመላለስ... አልተቀየምኩሽም።»

ኦሪሲያ መላጫውን ልታወጣ ጎንበስ ስትል ሻንጣውን ከአልጋው ሥር አየችው። ሸሚዞቹ ተጣጥፈው ገብተዋል፣ ቀበቶውም ታስሯል። ነርሷን ለምኖ ያሳሰረው ከዘጠኝ ቀን በፊት፣ ወረቀቱ በተሰቀለበት ዕለት ነበር።