ለብቻ የሚሆን ፊደል

ደብረ ብርሃን ውስጥ ታፔላ የሚያነብ ሰው ሳያውቀው ወልደአረጋይን እያነበበ ነው። የደሳለኝ ሥጋ ቤት፣ ከፊት ለፊቱ ያለው መድኃኒት ቤት፣ ጎማ ጥገናው፣ የሴቶች ፀጉር ቤቱ፣ ሁሉም የእሱ እጅ ሥራዎች ናቸው። ሆዳቸው ሞላ ያለ፣ እግራቸው ሾል ያለ፣ በስተቀኛቸው ቀይ ጥላ ያረፈባቸው ፊደሎች። ዲጂታል ህትመት መጥቶ የስንቱን ታፔላ ጸሐፊ እንጀራ ሲዘጋ እሱን አልነካውም። የከተማው ነጋዴ የጎረቤቱን ታፔላ አይቶ «ልክ እንደሱ አድርግልኝ» ማለት ይወዳላ! ወልደአረጋይ በዚህ በጣም ይኮራል። መንገድ ላይም አንገቱን ቀና አድርጎ የገዛ እጁን እያደነቀ ስለሚሄድ፣ የባጃጅ ሾፌሮች ገና ከሩቅ ሲያዩት ጥሩምባ ይነፋሉ።

ዘንድሮ ከከተማው ወጣ ብሎ «ጠል» የሚባል የታሸገ ውሃ ፋብሪካ ተከፈተ። የማስታወቂያ ክፍሏ ኃላፊ ቤተልሔም ሱቁ ድረስ መጣች።

«ጋሼ ወልደአረጋይ፣ ለእኛ ብቻ የሚሆን ፊደል እንዲሠሩልን ነው የመጣሁት።»

«ፊደል ደግሞ ለብቻ ይሆናል እንዴ? ኮምፒውተራችሁ ውስጥ ሞልቶ የለም?»

«ችግሩም እሱ ነው። የኮምፒውተሩን ባንኩም፣ ትምህርት ቤቱም፣ የሙት ዓመት ጥሪ የሚያሳትመውም ይጠቀምበታል። ትልልቅ ድርጅቶች የራሳቸውን ፊደል የሚያሠሩት ለዚህ ነው። ስማችንን በጣትዎ ቢሸፍኑት እንኳ፣ የቀረው ጽሑፍ የእኛ መሆኑ መታወቅ አለበት። ሰው ከማንበቡ በፊት እንዲያውቀን ነው የምንፈልገው።»

ወልደአረጋይ ነገሩ ወዲያው ገባው። ፊደሉ በየጠርሙሱ ላይ ሆኖ ጎንደር ሲገባ፣ ጅማ ሲደርስ ታየው። ቤቱ ሮጦ ለሚስቱ ለሰርካለም «ከእንግዲህ የአገር ሰው ሆኛለሁ» አላት። ሰርካለም በሶና ሽሮ እያዘጋጀች ቅዳሜ ገበያ የምትሸጥ፣ በወሬ የማትደነግጥ ሴት ናት። «እስከዚያው ይህን ጆንያ አንሳልኝ» አለችው።

ከሀ እስከ ፐ ተጠቦ ሠራ። ቤተልሔም ለሙከራ ብላ የድርጅቱን ስም ሳትጠቅስ በዚያ ፊደል «ጥምዎን ይቁረጡ» የሚል ባነር አደባባዩ ላይ አሰቀለች። ገና ሳይረፍድ ሰው ደሳለኝ ሥጋ ቤት እየገባ «ከቁርጡ ጋር ውሃ በነፃ ጀመርክ አሉ» ማለት ጀመረ። ደሳለኝ ተናዶ ወልደአረጋይ ጋ ስልክ ደወለ። አንዱ ወዳጁ ደግሞ ራሱን ወልደአረጋይን መንገድ ላይ አቅፎ «ፋብሪካ ከፍተህ ዝም ትላለህ? እንኳን ደስ አለህ!» አለው። ስለ ጠል ያነሳ አንድም ሰው አልተገኘም። እጁን ለከተማው ሁሉ ሲያድል ኖሮ ለፋብሪካው የሚሆን አላስቀረም።

ቤተልሔም ፊደሉ እንደማይሆናቸው ነግራ ይቅርታ ልትጠይቀው ቤቱ መጣች። ግቢው ውስጥ ለገበያ የተደረደሩትን ነጫጭ ጆንያዎች ስታይ ግን ይቅርታው ከአፏ ጠፋ። በማርከር «በሶ»፣ «ሽሮ» ተብሎ ተጽፎባቸዋል። ፊደሎቹ ድንክና ወፍራም ናቸው፤ የአሊዩ አምባን ቁልቁለት እንደሚወርድ ሰውም ወደ ኋላ ለጠጥ ብለዋል።

«ይህን ማን ጻፈው?»

«እኔ ነኛ» አለች ሰርካለም። «ምን አጠፋሁ?»

«ምንም አላጠፉም፣ እትዬ ሰርካለም። የምንፈልገው ይሄን ነው። ከተስማሙ ግን ከዚያ በኋላ ከእኛ ሌላ ማንም አይጽፍበትም።»

«እኔም?»

«እርስዎም። አስበው ከቅዳሜ ገበያ በኋላ ይንገሩኝ።»

ወልደአረጋይ ቅናት አንገበገበው። ከተጋቡ ጀምሮ ሲስቅበት የኖረ ፊደል! ሲያኮርፍ ሰነበተ፤ ብሩሹን ያጥባል፣ መልሶ ያጥባል። በኋላ ግን ልቡ ለዘብ አለ። የእሱ እጅ ባይሆንም ከእሱ ቤት የወጣ ነው፤ ጅማም ቢሆን መድረሱ አይቀርም።

«ፈርሚ» አላት። «ጆንያሽን እኔ እጽፍልሻለሁ።» አዳዲስ ጆንያዎች አምጥቶም ቀይ ጥላውን ሳይረሳ አሳምሮ ጻፈላት።

ቅዳሜ ዕለት ሰርካለም ለቅሶ ስለነበረባት ገበያ የተቀመጠው እሱ ነው። ሰው ይመጣል፣ ጆንያዎቹን ያያል፣ ያልፋል። አንድ ጎረምሳ ቆም ብሎ «ይሄ በሶ በሐኪም ትእዛዝ ነው እንዴ የሚሸጠው?» ብሎት ሄደ። ከመዘዞ መጥተው ልጃቸው ዘንድ የሚኖሩት እማማ ንጋቷ ደግሞ ዘንቢላቸውን ይዘው ወዲያ ወዲህ ሲሉ ቆዩና ወደ እሱ ቀረቡ።

«ልጄ፣ እዚህ ጋ የምትቀመጠዋ በሶ ሻጭ ዛሬ የለችም?»

«ይኸው የእሷ ነው እማማ። ተጽፎበታል እኮ።»

ሴትዮዋ ጆንያውን ትክ ብለው አዩት። «አይደለም። ማንበብ አላውቅበትም፤ የእሷን ግን አውቀዋለሁ» ብለው ወደ ሽንኩርት ተራ ሄዱ።

ወልደአረጋይ የጻፈውን ጆንያ መልሶ አየው። ፋብሪካው የፈለገው፣ ከመነበቡ በፊት የሚታወቅ ፊደል፣ ለካ ድሮም በሚስቱ እጅ ነበር፤ ፈርመሽ ስጪ ያላት ደግሞ ራሱ ነው። አፈረ፤ ለእሷም አዘነ። ቅናቱ የት እንደገባም አላወቀም።

ሰርካለም ከለቅሶ ስትመለስ ጆንያዎቹ እንደሞሉ ናቸው።

«ምነው፣ ገበያው ቀዘቀዘ?»

ወልደአረጋይ የበሶውን ጆንያ አቅፎ አዞረና ያልተጻፈበትን ጎን ወደ ሰው አደረገው። ከኪሱ ማርከር አውጥቶ ሰጣት።

«ጻፊ። የፋብሪካዋን ልጅም እንቢ በያት።»

«ፈርሚ ያልከኝ አንተ አይደለህ?»

«ተሳስቼ ነው ያልኩሽ። በይ ጻፊ።»

ጎንበስ ብላ በዚያው ለጠጥ ባለ ፊደሏ «በሶ» ብላ ጻፈች። እማማ ንጋቷ ከሽንኩርት ተራ ሲመለሱ ከሩቅ አዩትና ሰው እየገፉ መጡ። ሰርካለም አጠገባቸው ቆማ ሳለ፣ እሳቸው ዓይናቸውን ከጆንያው ሳይነቅሉ «ጎሽ! መጣሽልኝ?» አሉ።